የምድር ቤቱ በር

በሱዋውኪ ምድር፣ ከጣሪያ በረዶ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር፣
የሐይቁ ግግር ሌሊት ሲሰነጠቅ፣ ሲያጉረመርም እንደ አሮጌ በር፣
ጌኖቬፋ ሻማ ይዛ ትወርዳለች ወደ ምድር ቤት፤
ድንች ለማየት አይደለም፤ ለማንበብ ነው፣ እርሳስ የነካውን እንጨት።

ዕድሜ ልኩን ጽፏል ባሏ ዚግሙንት፣ በጠባብ ፊደል፣ በአጭር ቃል፦
«ሰባ ዘጠኝ፤ ሜይ አሥራ ሦስት፤ ባቄላው ሙሉ በሙሉ ሞቷል።»
«ሰማንያ አንድ፤ ውርጭ የለም። ወፎች ቀደሙኝ።»
«ሰማንያ ሰባት፤ በረዶ እስከ ቁርጭምጭሚት። ጎረቤቶች አላመኑኝ።»
«ዘጠና አንድ፤ ዱባውን ሁለቴ ተከልሁ።»
ከዚያ በታች፣ በደቃቁ፦ «ጌኒያ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማሁ።»

ዘንድሮ በሩ ላይ የሚጽፍ የለም።
እርሳሱ ግን በክር ታስሮ እንደ ተንጠለጠለ ነው፤ ጫፉ አልዶለዶመም።

አተርና ሽንኩርት፣ ስፒናችም፣ እነዚያ ብርድ የማይፈሩ፣
መሬቱ እንደ ለሰለሰ፣ ገና በኤፕሪል መግቢያ ተዘሩ፤
በረዶ ሁለት ጊዜ ወረደባቸው፤ አልተሰበሩ።
የቀሩት በመስኮቱ ደፍ ላይ፣ በባዶ የእርጎ ኩባያ ናቸው፤
ቲማቲሙ አንገቱ ቀጥኗል፤ ቃሪያው ሁለት ቅጠል፤ ብርሃን አነሳቸው።
በየማለዳው ታዞራቸዋለች፣ ወደ አንድ ወገን እንዳይጣመሙ።
ዚግሙንት ክርኑን ነበር አፈሩ ላይ የሚያሳርፍ፦ «ገና ነው፤ አልሞቀም ደሙ።»

ከአጥሩ ማዶ ወጣቱ ራዶስዋፍ፣ ከከተማ የመጣው ዓምና፣
ስልኩን ያሳያታል፦ «አሥር ቀን ፀሐይ ነው፤ የለም አንድ ደመና!»
ሸሚዙን አውልቆ ይቆፍራል፤ ጀርባው ቀልቷል፤
ኪያሩን፣ ዱባውን፣ ባቄላውን፣ ሁሉን በአንድ ቀን ተክሏል።
«ፓንክራጺ፣ ሰርቫጺ፣ ቦኒፋጺ፣ ሦስቱ የበረዶ ቅዱሳን ሳይመጡ?
ከኋላቸው ቀዝቃዛዋ ዞፊያ? እንግዳ ናቸው ልጄ፤ ሳይበሉ አይወጡ!»
እሱ ይስቃል። ሳቁ መልካም ነው፤ ክፋት የለበትም።
እሷም አፈር ቆንጥራ ታሻለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ሜይ አሥራ ሁለት፦ ፓንክራጺ፣ ሞቃት እንደ ዳቦ።
አሥራ ሦስት፦ ሰርቫጺ፤ ንቡ የቼሪውን አበባ ከቦ።
አሥራ አራት፦ ቦኒፋጺም ሳያነጥስ አለፈ፤
በማግሥቱ ከዞፊያ ቅዝቃዜ ስሟ ብቻ ተረፈ።
ራዶስዋፍ ሐረጉን ከሰደደው ኪያር አጠገብ፣ አጥሩን ተደግፎ፦
«ፓኒ ጌኖቬፋ፣ ቅዱሳኑን አውቶቡስ ጥሏቸው ይሆን አልፎ?»
እሷም ሳቀች። በነጋታው ከጉልበቷ ሥር ጆንያ አንጥፋ፣
ሠላሳ ቲማቲም ተከለች፤ ቃሪያውን ስትጨርስ ብርሃኑ ጠፋ።

በአሥራ ዘጠኝ ማታ ነፋሱ ቆመ። ሰማዩ ጠራ፤ ከሚገባው በላይ፤
ክዋክብቱ የተሳሉ ነበሩ፣ እንደ ምላጭ፣ ሐይቁ ላይ።
አፍንጫዋ አወቀ። በሩ ላይ ያልተጻፈ፣ አንድም ዓመት ያልታየ ቀን!
አንሶላ አወጣች። መጋረጃ። ባልዲ። ድስት። የጫማ ካርቶን።
አልበቃም። ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ ከቀብሩ ወዲህ የዘጋችውን፤
አወጣች ካፖርቱን፣ አሥራ አንድ ሸሚዙን፣ የምትወደውንም ሰማያዊውን።
ካፖርቱን ቃሪያው ላይ፣ ሸሚዞቹን ቲማቲሙ ላይ ዘረጋች፤
እጅጌዎቹን በድንጋይ አስያዘች፤ ቆማ አየች፤ ከዚያ ወደ አጥሩ ሮጠች።
በጡጫዋ የራዶስዋፍን በር፦ «ተነሥ! አንሶላህን አምጣ!
እንግዶቹ ዘግይተው ገቡ፤ እራት ይፈልጋሉ፤ ቶሎ ውጣ!»

ሲነጋ ሣሩ ነጭ ነበር፤ በረገጡት ቁጥር የሚሰበር፤
አሥራ አንድ ሸሚዝ በውርጭ ደርቆ፣ እጁን ዘርግቶ፣ መሬት አቅፎ ነበር።
ገለጥ አደረገች። ከሥሩ ቅጠል፤ አረንጓዴ፤ እርጥብ፤ ሕያው።
ጥግ ላይ ያሉት ስድስቱ ጠቁረዋል፤ ጨርቁ አልደረሳቸው፤ ይኸው።
የራዶስዋፍ ዱባ ግማሹ ቀለጠ፤ ኪያሩ የተቀቀለ መሰለ፤
እሱም ስልኩን አውጥቶ አየና «አራት ዲግሪ ብሎኝ ነበር» አለ።

ሻማዋን ይዛ ወረደች። እርሳሱን በምራቋ አራሰች፤
የሱ ፊደል ካለቀበት ዝቅ ብላ፣ በትልልቁ ጻፈች፦
«ሜይ ሃያ። ውርጭ። ሃያ አራት ተረፈ፣ ስድስት ሞተ።»
ቆየች። ሰሙ ጣቷ ላይ ወርዶ ረጋ፤ እንጨቱ ሸተተ።
ከዚያ በደቃቁ፣ ጥግ ይዛ፣ ሳትቸኩል አሁን፦
«ካፖርትህ ረጥቧል። ፀሐይ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እስኪደርቅ እዚያው ይሁን።»